የሮክ ጊታር አጨዋወትና የመድረክ ትርኢት

የሮክ ጊታር አጨዋወት በኤሌክትሪክ ጊታር የሮክ ሙዚቃን ለመጫወት የሚያገለግሉ ስልቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ስልቶቹ መሠረታቸው የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካና በብሪታንያ አድገው ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፍተዋል። ተጫዋቹ ከሚያወጣው ድምፅ ጎን ለጎን በመድረክ ላይ የሚያሳየው እንቅስቃሴ፣ አለባበስና ከተመልካች ጋር የሚያደርገው ጨዋታ የመድረክ ትርኢት ይባላል።

የመድረክ ትርኢት የሮክ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ፣ ደብረ ታቦርን፣ ጋፋትንና ጋይንትን በሚያካትተው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ አዝማሪዎች ማሲንቆን ከግጥም፣ ከእስክስታና ከቀልድ ጋር አዋህደው ሲጫወቱ ኖረዋል። ጊታር ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲገባ ይህን ልማድ ቀድሞ አግኝቶታል። በኢትዮጵያ ባንዶች ውስጥ ግን ትርኢቱ ለረጅም ጊዜ የድምፃዊው ድርሻ ሆኖ፣ ጊታር ተጫዋቹ ከኋላ ቆሞ የማጀብ ሥራ ይሠራ ነበር።

የኤሌክትሪክ ጊታር አሠራር

የኤሌክትሪክ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ክሮች አሉት። ከክሮቹ በታች ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ያለው ፒክአፕ የሚባል ክፍል ይገኛል። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱ በገመድ ወደ ማጉያው (አምፕሊፋየር) ሄዶ በድምፅ ማጉያው በኩል ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮች ለገበያ የቀረቡት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በስፋት የሚታወቁት ጊብሰን ሌስ ፖል በ1952፣ ፌንደር ስትራቶካስተር ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ወጡ።

ይህ አሠራር ለመድረክ ትርኢትም መንገድ ከፍቷል። በተለመደው የእንጨት ጊታር ከፍ ያለ ድምፅ ለማግኘት ክሩን በኃይል መምታት ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ ጊታር ግን በጣት በቀላሉ የተነካ ክር እንኳ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ክሩን የሚጫነው እጅ ብቻውን ዜማ ማውጣት ይችላል፤ ሌላው እጅ ነፃ ይሆናል። መሣሪያው በትከሻ ማንገቻ ስለሚያዝም ተጫዋቹ ከወንበሩ ተነሥቶ መራመድ፣ መዝለልና መንበርከክ ቻለ።

ዋና ዋና የአጨዋወት ስልቶች

ሪፍ፦ በዘፈኑ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ አጭር የጊታር ሐረግ ነው። ብዙ የሮክ ዘፈኖች ከግጥማቸው ይልቅ በሪፋቸው ይታወቃሉ።

ክር ማጠፍ፦ ክሩን በጣት ወደ ጎን በመግፋት ድምፁን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ጊታር እንደ ሰው ድምፅ የሚያለቅስ ወይም የሚጮህ የሚመስለው በዋናነት በዚህ ስልት ነው።

ቪብራቶ፦ የተያዘውን ድምፅ በጣት ንቅናቄ ማንቀጥቀጥ ነው። የብሉዝ ሊቁ ቢ.ቢ. ኪንግ (1925–2015 እ.ኤ.አ.) በዚህ ስልት ስለሚታወቅ፣ አድማጮች ከአንድ ድምፅ ብቻ ይለዩታል።

ዲስቶርሽን፦ ማጉያውን ከአቅሙ በላይ በመጫን ድምፁ እንዲሻክርና እንዲወፍር ማድረግ ነው። የሻከረው ድምፅ ቶሎ ስለማይከስም ረጅም ዜማ ለመያዝ ይመቻል።

ፊድባክ፦ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ክሩን ሲያርገበግብ የሚፈጠር የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ተጫዋቹ ወደ ማጉያው በመጠጋትና በመራቅ ይቆጣጠረዋል።

ዋዋ፦ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ የድምፁን ቀለም መለዋወጥ ሲሆን፣ ድምፁ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማውን ይመስላል።

ታፒንግ፦ ሁለቱንም እጆች በጊታሩ አንገት ላይ አድርጎ ክሮቹን በጣት ጫፍ መምታት ነው። ስልቱ ቀድሞም ነበር፤ ኤዲ ቫን ሄለን (1955–2020 እ.ኤ.አ.) በ1978 ባወጣው «ኢረፕሽን» በተባለ አጭር የጊታር ሥራ ግን በዓለም ዙሪያ ታወቀ።

በደጋን መጫወት፦ የሌድ ዜፕሊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ፔጅ የቫዮሊን ደጋን በጊታር ክሮች ላይ በማሸት ተጫውቷል። ለማሲንቆ አድማጭ ይህ እንግዳ አይደለም።

የመድረክ ትርኢት አመጣጥ

ጊታርን ከተለመደው አያያዝ ውጭ ይዞ መጫወት ከሮክ ሙዚቃ ይቀድማል። የሚሲሲፒው የብሉዝ ተጫዋች ቻርሊ ፓተን (በ1934 እ.ኤ.አ. የሞተ) ጊታሩን ከጭንቅላቱ ጀርባና በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ በመጫወት ይታወቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ ቲ-ቦን ዎከር (1910–1975) ይህንኑ በኤሌክትሪክ ጊታር አደረገ። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ (1915–1973) መንፈሳዊ መዝሙርን በኤሌክትሪክ ጊታር እያጀበች በመድረክ ላይ ስትራመድና ከታዳሚው ጋር ስትጫወት፣ በኋላ ለመጡት የሮክ ተጫዋቾች አርአያ ሆናለች። ቸክ ቤሪ (1926–2017) ደግሞ ጊታሩን እየተጫወተ በአንድ እግሩ እየነጠረ የሚሄድበት «የዳክዬ አካሄድ» የተሰኘውን እንቅስቃሴ ታዋቂ አደረገ።

በ1960ዎቹ ትርኢቱ ይበልጥ ደመቀ። የዘ ሁ ባንድ አባል ፒት ታውንሸንድ ክንዱን እንደ ንፋስ ወፍጮ እያሽከረከረ ክሮቹን ይመታ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በለንደን በአንድ ዝቅተኛ ጣሪያ ባለው ቤት ሲጫወት የጊታሩ አናት ጣሪያውን መትቶ ተሰበረ፤ እርሱም የቀረውን ሰባብሮ በሌላ ጊታር ቀጠለ። በድንገት የተፈጠረው ነገር በኋላ ሰዎች ሊያዩት የሚመጡት የባንዱ መለያ ሆነ።

የዚህ ዘመን ዋነኛ ምሳሌ ጂሚ ሄንድሪክስ (1942–1970 እ.ኤ.አ.) ነው። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ ይጫወት ነበር። ከጀርባው አዙሮ ይጫወታል፤ ጊታሩን ወደ አፉ አስጠግቶ ክሩን በጥርሱ ይነካል። ሰኔ 18 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በተካሄደው የሞንተሬይ ፌስቲቫል መጨረሻ ላይ ጊታሩን በእሳት አቃጠለ። ነሐሴ 18 ቀን 1969 ጠዋት በዉድስቶክ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ሲጫወት ግን ብዙ አልተንቀሳቀሰም። በዲስቶርሽንና በፊድባክ የቦምብና የአውሮፕላን ድምፅ የሚመስል ነገር አሰማ፤ ጊዜው የቬትናም ጦርነት ስለነበር አድማጩ ትርጉሙን አላጣውም። እነዚህ ሁለት ዝግጅቶች የአንድን ተጫዋች ሁለት ጠባዮች ያሳያሉ፦ በአንደኛው ዓይን ይበልጣል፣ በሌላው ጆሮ።

ትርኢት ለምን ይማርካል

የጊታር ጨዋታ ትንንሽ የጣት እንቅስቃሴዎች ድምር ነው። በትልቅ አዳራሽ ከኋላ የተቀመጠ ተመልካች ጣቶቹን አያይም። ተጫዋቹ ክሩን ሲያጥፍ ፊቱን ካጠፈ፣ ድምፁ ሲወጣ አንገቱን ቀና ካደረገ፣ ምቱ ሲያርፍ እግሩን ከመታ ግን በጆሮ የሚሰማው በዓይንም ይታያል። ጥሩ ትርኢት የሚባለው ሙዚቃውን የሚከተል፣ ለአድማጩም የት ላይ ማተኮር እንዳለበት የሚጠቁም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ድፍረት ነው። ከጀርባ አዙሮ መጫወት ለድምፁ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ተመልካቹ ግን «ይሳሳታል» ብሎ በመጠበቁ በጥሞና ያዳምጣል። ሦስተኛው ግንኙነት ነው። ተጫዋቹ ለታዳሚው ሲመልስ፣ ሲያሾፍና ሲጠይቅ፣ ታዳሚው የጨዋታው አካል ይሆናል። አዝማሪ ከሁሉም የሚበልጠው በዚህ በሦስተኛው ነው።

የአዝማሪ ጨዋታ በደቡብ ጎንደር

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች፤ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተቀምጠውባታል። በአጠገቧ ያለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ግቢና ጦር ባለበት አዝማሪም ነበር። አዝማሪ በግብዣ ላይ ጌታውን ያወድሳል፣ በዘመቻ ሠራዊቱን ያጀግናል፣ በሰምና ወርቅ ደግሞ ሌላው ሊናገረው የማይደፍረውን ይናገራል።

መሣሪያው ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው። ክሩ ከፈረስ ጭራ ይሠራል፤ ሳጥኑ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ በቆዳ ይለበጣል፤ ደጋኑም የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። ተጫዋቹ ክሩን እንደ ጊታር ከአንገቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም፤ በጣቱ ይነካዋል እንጂ። በመሆኑም ድምፆቹ በደረጃ የተከፈሉ አይደሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። ጊታር ተጫዋች ክር በማጠፍ የሚደርስበትን የዜማ መንሸራተት ማሲንቆ በተፈጥሮው ይዞታል።

በአዝማሪ ቤት ታዳሚው ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንዱ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይደግመዋል። ቀጥሎ ስለ እንግዳው አለባበስ፣ ስለ ስስቱ ወይም ስለ ቸርነቱ ራሱ ግጥም ይፈጥራል። በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ፣ ደጋኑን እያነሳና እየጣለ ይጫወታል። የተደሰተው እንግዳ ብር በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። እዚህ ላይ ትርኢቱ ከሙዚቃው የሚለይ ጌጥ አይደለም፤ የአዝማሪው እንጀራ ነው። ታዳሚው ካልሳቀና ካልተነካ አዝማሪው አይሸለምም።

ይሁን እንጂ አዝማሪ ለረጅም ዘመን የተወደደውን ያህል አልተከበረም። በሠርጉና በግብዣው የሚፈለገው ሰው፣ ሙያው በትውልድ የሚወረስ ዝቅተኛ ሥራ ተደርጎ ይታይበት ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ሆኖ ሳለ እንደ ስድብ ያገለገለበት ጊዜ አለ። ትርኢትን ወዶ ባለ ትርኢቱን መናቅ በሮክ ታሪክም ታይቷል፤ ብዙዎቹ ጥቁር የብሉዝ ተጫዋቾች የፈጠሩት ስልት ለሌሎች ዝናና ሀብት ሲያስገኝ እነርሱ በቂ ዋጋ አላገኙም።

በአካባቢው ከአዝማሪ ሌላ የፉከራና የሽለላ ባህል አለ። ፎካሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንጎራደደ፣ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን እየነቀነቀ ጀግንነቱን ይናገራል። ይህን ስልት ወደ ዘመናዊ መሣሪያ ያሻገረው የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ (1935–2016 እ.ኤ.አ.) ነው። ሽለላን በሳክስፎን ይጫወት የነበረው ጌታቸው፣ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ዘ ኤክስ ከተሰኘው የኔዘርላንድ ፐንክ ሮክ ባንድ ጋር አሳተመ። በዚያ አልበም ሽለላና የሻከረ የሮክ ጊታር ጎን ለጎን ይሰማሉ።

ጊታር በኢትዮጵያ ሙዚቃ

ቅኝትና ጊታር

የሮክና የብሉዝ ጊታር ተጫዋቾች አብዝተው የሚጠቀሙት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ነው። የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶችም (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ሙሉ ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ ይህ በምዕራቡ ዓለም ሜጀር ፔንታቶኒክ ከሚባለው ጋር አንድ ነው። ባቲ ማይነር ዶ፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ ይዞ፣ የሮክ ጀማሪዎች በመጀመሪያ ከሚማሩት ማይነር ፔንታቶኒክ ጋር ይገጥማል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ከመነሻው ድምፅ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የሚል ሁለተኛ ድምፅ ስላላቸው ከተለመደው የሮክ ስኬል ይለያሉ።

ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም ዜማው አንድ አይሆንም። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚታረፍ፣ ድምፁ እንዴት እንደሚርገበገብና ምቱ ናቸው። ብዙ የአማርኛ ዘፈኖች የተመሠረቱበት የ6/8 ምት (ችክችካ) ከሮክ የ4/4 ምት የተለየ ነው። ከጊታር በፊት የነበረው ክራርም በግርፍና በድርደራ ይጫወታል፤ የኢትዮጵያ ጊታር ተጫዋቾች የቀኝ እጅ አጨዋወት ለክራር ግርፍ ቅርብ ነው።

የባንዶች ዘመን

ጊታር በኢትዮጵያ የተስፋፋው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሆቴሎችና በምሽት ክበቦች በሚጫወቱ ባንዶች አማካይነት ነው። የአሜሪካ ሶልና ሮክ በሸክላ፣ በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችና አስመራ በነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ ሬዲዮ በኩል ይሰማ ነበር። በመድረክ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ድምፃዊው ነው። ዓለማየሁ እሸቴ (1941–2021 እ.ኤ.አ.) በአለባበሱና በእንቅስቃሴው «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ተብሏል። የዋልያስ ባንዱ ማሕሙድ አማንና ሌሎች ጊታር ተጫዋቾች በዚያ ዘመን በተቀረጹ ሥራዎች ላይ በደንብ ቢሰሙም፣ ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩት ከድምፃዊው ጀርባ ቆመው ነው።

ከእነዚህ መካከል የሮክ ጊታርን ድምፅ ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር በማዋሐድ በሰፊው የሚጠቀሰው ሰላም ስዩም ወልደማርያም (ሰላሚኖ) ነው። የኢቤክስ ባንድ አባል ሆኖ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኤሬ መላ መላ»ን ተጫውቷል። ይህ ሥራ በ1986 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም እንደገና ታትሞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለአውሮፓ አድማጭ ካስተዋወቁት አንዱ ሆነ። የኢቤክስ አባላት በኋላ ሮሃ ባንድን መሠረቱ። ሮሃ ኤፍሬም ታምሩን ጨምሮ በርካታ ድምፃውያንን በካሴት ዘመን አጅቧል። ሰላም ስዩም «የኢትዮጵያው ጂሚ ሄንድሪክስ» የሚል ቅጽል ቢሰጠውም፣ ንጽጽሩ የሚሠራው ለጊታሩ ድምፅ እንጂ ለእሳትና ለጥርስ አይደለም።

ከ1974 እ.ኤ.አ. በኋላ የደርግ መንግሥት የጣለው የሰዓት እላፊ የምሽቱን መድረክ አጠበበው። ባንዶች በሆቴል ውስጥ እየተጫወቱ ቢቀጥሉም፣ አብዛኛው ሕዝብ ሙዚቃን የሚያውቀው በካሴት ሆነ። ካሴት ድምፅ እንጂ ትርኢት አያሳይም። አንድ ሙሉ ትውልድ የባንዶቹን ጊታር በጆሮው እየለየ አጫዋቾቹን ግን በመልክ ሳያውቅ አደገ።

ጃኖ ባንድና ከዚያ ወዲህ

ራሱን የሮክ ባንድ ብሎ በስፋት ከታወቁት የኢትዮጵያ ባንዶች ጃኖ ባንድ ዋነኛው ነው። ስሙ ጠርዙ ቀይ ከሆነው የባህል ልብስ የተወሰደ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «ኤርታሌ» በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ «ለራስህ ነው» የተባለው ደግሞ በ2018 ተከተለ። በባንዱ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን ሲኖሩ፣ የሚካኤል ኃይሉ ሊድ ጊታር የሻከረ ድምፅና ረጅም ሶሎ ይዞ ከድምፃውያኑ ጎን ወደ ፊት ወጥቷል። በዚህም ጊታር ተጫዋቹ ራሱ የሚታይበት መድረክ ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ።

ጉዞው በተቃራኒው አቅጣጫም ሄዷል። በለንደን የተመሠረተው ክራር ኮሌክቲቭ ክራርን ከኤሌክትሪክ ማጉያ ጋር በማገናኘት ክራር እንደ ሮክ ጊታር እንዲሰማ አድርጓል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. አልበም አሳትሟል። ጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር የመሠረተው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ደግሞ ማንዶሊንና አኮርዲዮን ይዞ የቆዩ ዘፈኖችን ያለ ኤሌክትሪክ ጩኸት፣ በረጋ መንፈስ ይጫወታል።

ድምፅ ወይስ ትርኢት

የመድረክ ትርኢት የአቅም ማነስን መሸፈኛ ነው የሚል ትችት በሮክ ታሪክ ሁሉ አለ። የኪንግ ክሪምሰን ባንድ መሥራች ሮበርት ፍሪፕ በመድረክ ላይ ተቀምጦ በመጫወት ይታወቃል፤ ታዳሚውም ሊያዳምጠው ይመጣል። ሄንድሪክስም ቢሆን ሕዝቡ ከሙዚቃው ይልቅ ዘዴዎቹን በመፈለጉ ይሰለች ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ እነዚህን ቀንሷል።

በሌላ በኩል ትርኢት የሌለበት ጨዋታ ሁሉ ጥልቅ አይሆንም። የአዝማሪ ልማድ ለዚህ ክርክር የራሱ መመዘኛ አለው፦ አዝማሪው የሚሸለመው ትከሻውን ስላንቀጠቀጠ ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴው ግጥሙን ሲያደርስ ነው። እስክስታው ግጥሙ ያልያዘውን ሊሸፍን ቢሞክር፣ የሚቀጥለው እንግዳ «ተቀበል» ባለ ጊዜ ይጋለጣል። በጊታርም ተመሳሳይ ነው። ከጀርባ ተዙሮ የተጫወተ ዜማ የሚለካው ዓይን ሲጨፈንም የሚሰማ ነገር እንዳለው ነው።

ዛሬ በአዝማሪ ቤቶችና በኮንሰርቶች ማሲንቆ ማይክሮፎን ተገጥሞለት ከጊታር፣ ከቤዝና ከድራም ጋር ይጫወታል። በዚህ ዓይነት ባንድ አንድ ክር ያለው ማሲንቆና ስድስት ክር ያለው ጊታር በአንድ ማጉያ ሥርዓት ውስጥ ያልፋሉ፤ ጊታር ተጫዋቹም ለታዳሚው ግጥም ከሚመልሰው አዝማሪ አጠገብ ይቆማል።